የከረጢቱ ማጣበቂያ

እስቲ ይህን ከረጢት ተመልከቱት። ወረቀቱ የሲሚንቶ ነው፤ ሲሚንቶው ተራግፎ፣ ወረቀቱ ተገልብጦ፣ ተቆርጦና ተጣጥፎ ነው የተሠራው። ሆዱ ላይ በቀይ ቀለም «በምርት ወደፊት! የቢቸና ወረቀት ከረጢት አምራቾች ማኅበር» የሚል ማኅተም ተመቶበታል። ማኅተሙ ከረጢቱን ሊያህል ምንም አልቀረው።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ 1974 ዓ.ም.፣ የሁዳዴ አራተኛ ሳምንት። ቢቸና ላይ ሰባት ሴቶች የአንድ አዳራሽ ጥግ ይዘው፣ ይህንኑ ከረጢት እያጣበቁ ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ። አሁን ግን «እስከ ወሩ መጨረሻ ቋሚ ገዢ ካላገኛችሁ አዳራሹ ለስብሰባ ይፈለጋል» ተብለዋል። ከረጢት ገዢ ሊያጣ ይችላል፤ ስብሰባ ግን በዚያ ዘመን ሰው አጥቶ አያውቅም።

ስለዚህ ሁለት ሰዎች አራት እስር ከረጢት በኤንትሬ የጭነት መኪና ጭነው፣ ጉንደ ወይን ላይ ጎማ ሲቀየር ቆመው፣ ዛሬ ሐሙስ ረፋዱ ላይ ሞጣ ገብተዋል። አንደኛው የማኅበሩ ሊቀመንበር አካለ ወልድ ነው። ማርቆስ ሄዶ የአሥራ አምስት ቀን ኮርስ ከወሰደ ወዲህ ወልዱን ጥሎ «ጓድ አካሉ በሉኝ» ይላል። ሁለተኛው ማጣበቂያ አብሳዩ ታዘበው ነው። በዕድሜ አሥር ዓመት ይበልጠዋል፤ ሊቀመንበሩ ግን «አንተ» ይለዋል። ታዘበውን ነገር ዘግይቶ ነው የሚገባው ብሎ የደመደመው ከኮርሱ በፊት ነው።

[የሞጣው ኅብረት ሱቅ ገና አልተከፈተም። ሁለቱም በሩ ላይ ናቸው።]

አካሉ፦ ተነሣ! ተነሣ ብዬሃለሁ፤ መፈክሩ ላይ ነው የተቀመጥከው!

ታዘበው፦ የት ልቀመጥ ታዲያ?

አካሉ፦ መፈክር በሌለበት በኩል።

ታዘበው፦ [እስሩን እያገላበጠ] በዚህም በኩል አለ። በዚህም አለ። ጓድ ሊቀመንበር፣ ለመቀመጫ የሚሆን ቦታ አላስተረፉም እኮ!

አካሉ፦ ቁም እንግዲያው።

ታዘበው፦ እርስዎስ ተቀምጠው የለ?

አካሉ፦ እኔ የተቀመጥኩት ቦርሳዬ ላይ ነው።

ታዘበው፦ ቦርሳዎ ያለው እስሩ ላይ ነው።

አካሉ፦ በመካከሉ ቦርሳ አለ! ለዚህ ነው ኮርስ የሚያስፈልገው።

ታዘበው፦ እሺ፣ ቆሜያለሁ። ይልቅ ያ ሻይ ቤት ከፍቷል። እኔስ ጾመኛ ነኝ፤ እርስዎ አይጾሙ፣ ሻይ በዳቦ ለምን አይቀምሱም?

አካሉ፦ [ምራቁን ውጦ] አይ፣ ሆዴን ትንሽ ነፍቶኛል።

ታዘበው፦ ትናንትም ነፍቶዎት ነበር።

አካሉ፦ የሥራ ብዛት ነው።

ታዘበው፦ ከዘወረደ ጀምሮ እንደነፋዎት ነው። አምናም በዚሁ ሰሞን ነፍቶዎት ነበር።

አካሉ፦ ስለ ሆዴ ለማውራት አይደለም ሞጣ የመጣነው! የሱቁ ኃላፊ ሳትመጣ እንለማመድ። ኮርሱ ላይ እንዲህ ነው ያስተማሩን፤ እኔ ሻጭ እሆናለሁ፣ አንተ ገዢ ሁን።

ታዘበው፦ ምን ልግዛ?

አካሉ፦ ከረጢት ነዋ!

ታዘበው፦ ከረጢት እኮ አለን። አራት እስር።

አካሉ፦ የለህም! አሁን አንተ ታዘበው አይደለህም። የሞጣ ሴት ነህ።

ታዘበው፦ [ጋቢውን ራሱ ላይ ጣል አድርጎ] እሺ፣ ሴት ነኝ። ባለትዳር ነኝ?

አካሉ፦ ምን ያደርግልሃል?

ታዘበው፦ ባል ካለኝማ ሳላማክረው አልገዛም።

አካሉ፦ ባልሽ ሞቷል!

ታዘበው፦ ውይ! ነፍስ ይማር። መቼ?

አካሉ፦ ታዘበው! [ድምፁን አለስልሶ] እመቤቴ፣ ይህን ዘመናዊ ከረጢት ይግዙን።

ታዘበው፦ ለምኔ?

አካሉ፦ ለሽሮ፣ ለበርበሬ።

ታዘበው፦ በነጠላዬ ጫፍ እቋጥረዋለሁ።

አካሉ፦ ነጠላዎ ይቆሽሻል።

ታዘበው፦ ይታጠባል። ከረጢቱስ ይታጠባል?

አካሉ፦ አይታጠብም። አንዴ ተጠቅመው ይጥሉታል።

ታዘበው፦ ገዝቼ ልጥለው? ባሌ በሞተ ማግስት?

አካሉ፦ አየህ፣ ይኼ ነው ኋላ ቀርነት! ፍላጎት ይፈጠራል። ሰፊው ሕዝብ የማያውቀውን ፍላጎቱን እኛ ነን የምናሳውቀው።

ታዘበው፦ የሚያውቀውን ፍላጎቱንስ ማን ይሰማለታል?

አካሉ፦ እሱ በሌላ ኮርስ ነው። አሁን ዋናውን ተመልከቺ። [ከቦርሳው አንድ ናሙና አውጥቶ] ክዳኑ ላይ ደረቅ ማጣበቂያ ተቀብቷል። በምላስ እንዲህ! [ይልሳል] አጠፍ፣ ጫን፣ አለቀ። እስቲ ክፈቺው።

ታዘበው፦ [እየታገለ] እምቢ አለ።

አካሉ፦ [ሌላ ናሙና አውጥቶ እየላሰ] ሰኞ ዕለት የአውራጃው አለቆች ስብሰባ ላይ ይዤው ቀረብኩ። አሥራ ሰባቱም አለቆች በየተራ እየላሱ አጨበጨቡ። «ለመሆኑ የማን ፈጠራ ነው?» አሉኝ።

ታዘበው፦ የማን ነው አሏቸው?

አካሉ፦ የማኅበሩ አመራር ፈጠራ ነው አልኩ።

ታዘበው፦ አመራሩ ማን ነው?

አካሉ፦ እኔ።

ታዘበው፦ ያበሰልኩትስ?

አካሉ፦ አንተማ አብሳይ ነህ።

ታዘበው፦ ደግ። ሴትዮዋ ልቀጥል? ወንድሜ፣ ማጣበቂያው ምንድን ነው?

አካሉ፦ ገዢ ይህን አይጠይቅም።

ታዘበው፦ ሞጣ ላይ ይጠይቃል።

አካሉ፦ ለምን?

ታዘበው፦ ሁዳዴ ነዋ! የፍስክ ድስቷን አጥባ የሰቀለች ሴት፣ የጾም ሽሮዋን በምን እንደተጣበቀ በማታውቀው ዕቃ ትይዛለች?

አካሉ፦ ጾም! በዚህ ዘመን! ኅብረተሰቡ ጨረቃ ላይ ወጥቷል፣ አንተ ድስት ትቆጥራለህ። ዱቄት ነው በላት፣ አለቀ።

ታዘበው፦ የምን ዱቄት? ጥር ላይ እርስዎ አይደሉ የከለከሉን? «ዱቄት ለሰፊው ሕዝብ ሆድ ነው፤ ለከረጢት የአገር ውስጥ ምትክ ይፈለግ» ብለው ማኅተም አሳርፈው ጻፉ።

አካሉ፦ ጻፍኩ! ምትክም ተገኘ፤ ይኸው! [ሦስተኛ ናሙና አውጥቶ ይልሳል] ለመሆኑ ምንድን ነው ምትኩ?

ታዘበው፦ የበሬ ሰኮና።

[የአካሉ ምላስ ከረጢቱ ላይ እንዳለ ቀረ።]

አካሉ፦ ም... ምን አልከኝ?

ታዘበው፦ ሰኮናና የቆዳ ፍቅፋቂ። ከሥጋ ቤቶቹ ለምኜ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ቀቅዬ። ቅልጥምም ሳይገባበት አልቀረም፤ ወዙ ከዚያ ነው የመጣ።

[አካሉ ይተፋል። ምላሱን በኮቱ እጅጌ ይጠርጋል። ሊያማትብ እጁን ወደ ግንባሩ ይወስድና፣ መንገደኛ ሲያይ ኮፍያውን ያቃናል።]

ታዘበው፦ ምነው ጓድ ሊቀመንበር?

አካሉ፦ ዝንብ... ዝንብ ገባብኝ።

ታዘበው፦ ዝንብም ፍስክ ነው።

አካሉ፦ ዝም በል! ሰው እየመጣ ነው!

[የሱቁ ኃላፊ ወይዘሮ ይርጋነሽ ቁልፍ እያንሿሿች ትመጣለች። ከእስሩ አንድ ከረጢት መዝዛ ትገልጠዋለች፤ እጇን ትከትበታለች፤ አፉን አጥፋ ታያለች።]

ይርጋነሽ፦ እንደምን አረፈዳችሁ? የቢቸናዎቹ እናንተ ናችሁ?

አካሉ፦ እግዚ... ደኅና ነን። በምርት ወደፊት።

ይርጋነሽ፦ ሥራው ደኅና ነው። እኛ ሽሮውንም በርበሬውንም በጋዜጣ እየጠቀለልን ሰው ቀለም በላ። አራቱንም እስር እወስዳለሁ፤ በየወሩም ታመጡልኛላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ፤ በምንድን ነው ያጣበቃችሁት?

[አካሉ ዓይኑ ላይ ሰባቱ ሴቶች መጡበት። እውነቱን ቢናገር ከረጢቱ ይመለሳል፣ ሴቶቹም ከአዳራሹ ይወጣሉ። ቢዋሽ የሞጣ ሰው ሳያውቅ ጾሙን ይሽራል፣ ልክ እንደ እሱ።]

አካሉ፦ በ... በዱቄት።

ይርጋነሽ፦ እውነት?

አካሉ፦ በአብዮቱ ስም!

ይርጋነሽ፦ እሱን ይተዉት። በኪዳነ ምሕረት ይማሉልኝ።

አካሉ፦ እኔ እንኳ... በአቋሜ ምክንያት... እንዲህ ባለው ነገር አልምልም።

ይርጋነሽ፦ [ወደ ታዘበው ዞራ] አያ፣ እርስዎስ?

ታዘበው፦ ኪዳነ ምሕረትን! ዱቄት ነው። የስንዴ ዱቄት።

ይርጋነሽ፦ ይበቃኛል። መጋዘኑን ልክፈትላችሁ። [ትገባለች]

አካሉ፦ [በሹክሹክታ] አንተ ከሃዲ! አንተ ፈጣሪህን የማትፈራ! በሁዳዴ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በኪዳነ ምሕረት በሐሰት ትምላለህ?

ታዘበው፦ የለችም ሲሉ አልነበር?

አካሉ፦ እኔ የለችም ያልኩት ስብሰባ ላይ ነው!

ታዘበው፦ በሐሰት አልማልኩም ጓድ ሊቀመንበር። እስሩ በሙሉ በዱቄት ነው የተጣበቀ።

አካሉ፦ በየት በኩል? ዱቄት ከልክያለሁ!

ታዘበው፦ ደብዳቤዎ እንደደረሰ ሰኮናውን ቀቅዬ ለሴቶቹ አሳየኋቸው። ከሰባቱ አንዷ፣ ካሰች፣ ድስቱን አየችና «የሰው ጾም አስፈትቼ ልጆቼን አላበላም» ብላ ተነሣች። ሌሎቹም ተነሡ። ከዚያ ወዲህ ሰባቱም ጧት ጧት ከየቤታቸው ጭብጥ ጭብጥ ዱቄት ይዘው ይመጣሉ። አንድ ቀን አዳራሹ መጥተው ቢሆን ያዩ ነበር።

አካሉ፦ መጥቻለሁ እኮ! ማኅተሙን መርምሬያለሁ!

ታዘበው፦ ማኅተሙንማ መርምረዋል። ከረጢቱን ነው ያልገለጡት።

አካሉ፦ ታዲያ ሰኮናው? እኔ የላስኩት?

ታዘበው፦ እሱ ናሙናው ብቻ ነው። «ለአለቆች የሚቀርበው ልዩ ይሁን» አላሉኝም? ደግሞ ጥር ላይ መድረክ ወጥተው «ከአመራሩ መካከል አንድም የሚጾም የለም» ሲሉ አጨብጭቤያለሁ። ለማይጾም ሰው የካሰችን ዱቄት ለምን ላባክን? ሰኮናውን ለእናንተ አደረግሁት።

አካሉ፦ [ግድግዳውን ተደግፎ] ወይኔ አካለ ወልድ! አሥራ ሰባት ሰው አስልሻለሁ! ሰብሳቢው ሁለት ጊዜ ነው የላሰው!

ታዘበው፦ ምን ቸገራቸው? አይጾሙ።

አካሉ፦ ሁሉም ይጾማል!

ታዘበው፦ በምን አወቁ?

አካሉ፦ ያን ዕለት በግ ታርዶ ምሳ ቀረበ። እኔ ቀደም ብዬ ሽንት ቤት ልደበቅ ብሄድ፣ አሥራ ሰባቱም ቀድመውኝ ተሰልፈዋል።

ታዘበው፦ ታዲያ ምን ተባባላችሁ?

አካሉ፦ ምንም። ማንም ማንንም አላየም።

ታዘበው፦ ምሳውስ?

አካሉ፦ ቃለ ጉባኤው ላይ «ምሳው በሙሉ ድምፅ ተበልቷል» ተብሎ ጸደቀ። ፈረምንበት።

[ታዘበው ለመጀመሪያ ጊዜ በ«አንተ» ጠራው።]

ታዘበው፦ በል አንተ አካለ ወልድ፣ በዚያ በኩል ያዝልኝ። እሱን እስር ብቻዬን አልችለውም።

[ሁለቱም እስሩን ተሸክመው ወደ መጋዘኑ ገቡ።]

ከረጢቱ ተሸጠ፤ ሴቶቹም ከአዳራሹ አልወጡም። ይህ የሆነው ግን በኮርስ፣ በማኅተምና በመድረክ ጩኸት አይደለም። አሥራ ሰባት አለቃ እምነቱን ይዞ ሽንት ቤት ሲሰለፍ፣ ሰባት ድኃ ሴቶች ማንም ሳያያቸው ከልጆቻቸው ዱቄት ቀንሰው የማያውቁትን የሞጣ ሰው ጾም ጠበቁ። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አለቃም ሁኑ ነጋዴ፣ ጹሙ አትጹሙ፣ እባካችሁ፦ ለሰው የምትሸጡትን ነገር በምን እንዳጣበቃችሁት ሳትጠየቁ ንገሩት።