ደም የተዋሰ ሰፈር

ጎረቤት የማይዋዋሰው ነገር የለም። ጨው ይዋዋሳል፣ ወንፊት ይዋዋሳል፣ ፍም በገል ይዋዋሳል። እኛ ጋምቤላዎች ግን ያኔ በደርግ ጊዜ ከዚህም አልፈን ሰው እንዋዋስ ነበር። አትሳቁ! ቀበሌው «ከየቤቱ አንድ ሰው!» ብሎ ለስብሰባ ወይም ለምንጣሮ ሲጠራ፣ ባሏ የታመመባት ሴት የጎረቤቷን ወንድም ትልካለች። ስም ሲጠራ የተላከው «አቤት» ይላል፣ ጸሐፊው ምልክት ያደርጋል፣ ሁሉም በሰላም ቤቱ ይገባል። ጸሐፊው የሚፈልገው ምልክቷን እንጂ ሰውየውን አይደለማ! በዚህ ልማዳችን ማንም አልተጎዳም። ደም መዋዋስ እስክንጀምር ድረስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጎሬ ደጋ ባሌን ተከትዬ ጋምቤላ ስወርድ ወባ የሚሏት የእንግዳ አቀባበል አድርጋልኛለች፤ ልጄን ብርቱካንንም እንደ ክርስትና እናት በየዓመቱ ሳትጠይቃት አታልፍም። በዚያ ዓመት ግን የለመድነው ክሎሮኪን እምቢ አለ። ልጆቹ ውጠውትም ይነዳሉ፣ ሳይውጡትም ይነዳሉ። ይኼኔ ነጭ ካፖርት የለበሱ ሰዎች አዲስ ኪኒን ሊሞክሩ ከአዲስ አበባ መጡና ጤና ጣቢያው ጓሮ ካለው ማንጎ ሥር ጠረጴዛ ዘረጉ። የቀበሌያችን ሊቀመንበርም ሰፈሩን እየዞረ «ወባ የያዘው ልጅ ያላችሁ፣ ነገ በጠዋት! የቀረች እናት ወዮላት!» አለ።

ሄድን። ወረቀት ሰጡንና በአውራ ጣታችን ፈረምን። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬያለሁ፣ ጊዜ ከሰጡኝ ወረቀቱን እስከ ማታ እጨርሰው ነበር፤ ግን ከኋላዬ ሠላሳ ሴት ቆሞ ማን አንብቢ ይለኛል? ልጆቹ ኪኒኑን ሦስት ቀን ዋጡ። ከዚያ በየማክሰኞው ጣታቸው እየተወጋ ጠብታ ደም በመስታወት ላይ ይወሰዳል ተባለ። ለምን እንደሆነ የነገረን የለም። ሰው ያልነገሩትን ነገር ራሱ ይሞላዋል፤ የጎረቤቴ የዘነበች አሞላል ደግሞ አያድርስ ነው።

«እስቲ ንገሪኝ፣ ይኼ ሁሉ የልጅ ደም ለማን ነው የሚሄደው?» አለችኝ።

የመጀመሪያው ማክሰኞ ጉድ ነበር። ብርቱካን ደም ቀጂውን ክንዱ ላይ ነከሰችው። በሚቀጥለው ማክሰኞ ገና በጠዋቱ አልጋ ሥር ገብታ የአልጋውን እግር ሙጭጭ! ልጄ እንደሆነ ድናለች፣ ትሮጣለች፣ ትበላለች፤ ታዲያ የምን መርፌ? ዘነበች በበሩ ብቅ አለችና «አጁሉን ለምን አንልካትም?» አለች።

አጁሉ ከእኛ አጥር ቀጥሎ ያለችው የአሪየት ልጅ ናት። ዕድሜዋ ሰባት ቢሆን ነው። ከሰፈሩ ልጆች ሁሉ ያላለቀሰች እሷ ብቻ ነበረች፤ መርፌውን እንደ ታናሽ ወንድሟ ቁልቁል ነበር ያየችው። እናቷ አሪየት አኝዋክ ናት፤ ገና ሳይነጋ ባሮ ዳር ወዳለው የበቆሎ ማሳዋ ትወርድና ለምሳ ትመለሳለች። እና ምን ልበላችሁ፣ አማከርናት? አላማከርናትም። አጁሉን ግን ጠየቅናት፤ ለተወጋ ጣት አንድ ጋሌጣ ስለሚሰጥ በደስታ እሺ አለች። ስለ ራሷ ተወጋች፣ ዞራ ተሰልፋ ስለ ብርቱካን ተወጋች፣ ከዚያ ስለ ዘነበች ልጅና ስለ ሌሎች ሁለት ቤቶች። «ብርቱካን ተሰማ!» ሲባል ሸንበቆ የመሰለች የአኝዋክ ልጅ «አቤት!» ትላለች፤ ደም ቀጂው ቀና ብሎ እንኳ አያይም። ጣት መጥቷል፣ ምልክት ተደርጓል። ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣው ሳይንስም ከቀበሌያችን ጸሐፊ የተለየ ዓይን የለውም ለካ!

በሦስተኛውም ማክሰኞ እንዲሁ አደረግን። ዶክተሩ ወረቀቱን አይቶ ፊቱ በራ። «ይኼ ሰፈር ለኪኒኑ ምስክር ነው፤ አምስቱም ልጆች ደማቸው ንጹሕ!» አለ። እንዴት አይነጻ? አምስቱም አጁሉ ናት።

ሐሙስ ጠዋት ብርቱካን ተንዘፈዘፈች። ረፋዱ ላይ ዓይኗ ተገለበጠ። አዝያት ሮጥኩ።

«እህቴ፣ ልጅሽ ድናለች፤ ከትናንት ወዲያ ነው ደሟ የታየው» አለኝ ዶክተሩ ወረቀቱን እያገላበጠ።

«ዶክተር፣ እሳት ሆናለች እኮ!»

«ጉንፋን ይሆናል። ደግሞ ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ማክሰኞ አምጫት።»

ኪኒኑ ላልሠራላቸው ልጆች ሌላ መድኃኒት ሳጥን ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ፤ ሳጥኑ ከክርኑ ሥር ነው። ልጄ ደግሞ ማክሰኞን አትደርስም። እኔን የሚያውቁኝ ሁሉ ወሬ አፌ ውስጥ እንደማያድር ያውቃሉ፤ ይኼን አንዱን ግን እግዜር ያሳያችሁ፣ አስር ቀን ጠብቄው ነበር። ተነፈስኩት።

«ያ ንጹሕ ደም የብርቱካን አይደለም» አልኩት። አራቱንም ቤት ዘረገፍኩ።

ሰውየው ራሱ ጣቷን ወጋ፣ ደሙን በማጉያ መነጽሩ አየ፣ ሳጥኑን ከፈተ። ብርቱካን ዓርብ ጠዋት ላብ አጥምቋት ምግብ ጠየቀች።

በዚያው ዓርብ ዶክተሩ እናቶችን ሁሉ ከማንጎው ሥር ሰበሰበ። ዘነበች ጎኔን ቆነጠጠችኝና «አፍሽን ምስጥ ይብላው!» አለችኝ። አሪየት ነገሩን የሰማችው ገና እዚያ ነው። ሰው መሀል ቀስ ብላ አልፋ መጣችና ፊቴ ቆመች።

«የብርቱካን እናት፣ የእኔ ልጅ ስንት ጊዜ?»

ቆጠርኩ። አምስት ቤት፣ ሁለት ማክሰኞ። «አስር» አልኳት። የአጁሉን ሁለት እጆች ዘረጋችና አንድ በአንድ አየቻቸው። ያልተወጋ ጣት አልነበረም።

ዶክተሩ በዚህ መሀል ወረቀቱን አንስቶ «ለምን ትደብቃላችሁ? እምቢ ማለት ትችሉ ነበር እኮ! የማትፈልግ እናት ልጇን ማስቀረት ትችላለች ተብሎ ተጽፏል፣ ፈርማችሁበታል!» አለን።

ይኼን አልሰማንም ነበር። ሁላችንም ከዳር ወደቆመው ሊቀመንበር ዞርን። ሊቀመንበሩ ባሮን ያያል።

«እንደገና እንጀምር» አለ ዶክተሩ። «የምትስማማ እጇን ታውጣ፤ የማትስማማ ትሂድ፤ ማንም አይነካትም።»

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። የሴቱ እጅ ጫካ ሆነ። የአሪየት ብቻ አልወጣም፤ እጆቿ የልጇን ጣቶች እንደያዙ ነበር። «ነይ» አለቻትና በመሀላችን አልፈው ሄዱ። ዶክተሩ የአጁሉን ስም ሰረዘ። ሌላ ምንም አልሆነ። ሊቀመንበሩም አልጠራት፣ ሰማዩም አልወደቀ። እኛ እርስ በርሳችን ተያየን፤ ለካ ይቻል ኖሯል! እጁን ያወረደ ግን አልነበረም። የእኔን እጅ አትጠይቁኝ፤ ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠርጎ ሳይጨርስ ነው የወጣው።