ከረባት ያሰረ በሽተኛ

እኛ ሰዎች መታመም አንችልበትም። መታመሙንስ እንደማንም እንታመማለን፤ የማንችልበት ታመምኩ ማለቱን ነው። አልጋ ላይ ተዘርግቶ፣ ጉሉኮስ ተሰክቶለት፣ ዓይኑ ወደ ውስጥ ገብቶ ያገኛችሁትን ዘመዳችሁን እስቲ «እንዴት ነህ?» በሉት። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬስ በጣም ደህና ነኝ» ይላችኋል፤ አልፎ ተርፎም «ምን አስቸገራችሁ?» ብሎ መምጣታችሁን ይወቅሳል። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ብለው የተረቱልን አባቶቻችንን ራሳቸውን፣ ምን አሟቸው እንደነበር ሳንሰማ ነው የቀበርናቸው። ተረቱ ለጎረቤት ነበር መሰለኝ።

የሆድ ቁርጠትና የወገብ ሕመም እንዲህ ከተሸሸጉ የአእምሮ ሕመምማ ምን ይደረግለት? «ትንሽ ይጨንቀዋል» ይባላል። «ብቻውን መሆን ይወዳል» ይባላል። «ማንበብ አብዝቶ ነው» የሚሉም አሉ። በዚች በመጨረሻዋ እኔ በግሌ ቅር ይለኛል፤ ያገኘሁትን ሁሉ፣ መድኃኒት ካርቶን ውስጥ ተጣጥፋ የምትመጣዋን ወረቀት ሳይቀር የማነብ ሴት ነኝ፣ እስካሁንም ጤነኛ ነኝ። ቢያንስ አይደለሽም ብሎ የነገረኝ የለም።

አሜሪካ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። እዚህ አገር መንግሥት የሚረዳህ ገመናህን ፊቱ ስትዘረግፍለት ነው። የሚጠይቅህ ምን እንደምትችል ሳይሆን ምን እንደሚያቅትህ ነው፤ ስለዚህ ምንም የማይችል ሰው ቢያንስ «አልችልም» ማለት መቻል አለበት። ልጅነታችንን በሙሉ «የቤትህን ጉድ ውጪ አታውራ» እየተባልን በቁንጥጫ ያደግን ሰዎች ለዚህ ፈተና ስንቀርብ ምን ልንሆን እንደምንችል ገምቱ። መገመት ካቃታችሁ እኔ ልንገራችሁ።

ታናሽ ወንድሜ መስፍን የታመመው ሳን ሆዜ ውስጥ የኮምፒውተር ዕቃ የሚገጣጥም ፋብሪካ ተቀጥሮ ሲሠራ ነው። ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል። መጀመሪያ ከላይ ፎቅ ያሉት ጎረቤቶች ናቸው አለ፤ ቤት ቀየረ፤ ጎረቤቶቹም አብረውት ቀየሩ። ሥራውን ሲያጣ እኔ ዘንድ ሳን ሊያንድሮ መጣና ሳሎኔ ውስጥ በመጋረጃ በከለልኩለት ጥግ መኖር ጀመረ። መድኃኒቱን ይውጣል፤ ደህና ቀን አለው፣ ክፉ ቀንም አለው። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሥራ ነኝ፤ ክፉው ቀን ደግሞ እኔ ቤት እስክገባ አይጠብቅም።

ኦክላንድ ውስጥ አንድ ቤት አለ። እንደሱ የታመሙ ሰዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ክፍል ይዘው ይኖሩበታል፤ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ የሚሰጥ፣ ምግባቸውን የሚሠራ ሰው አለ። ወስጄ አሳየሁት። አንዲት ክፍል ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ፍራሹን በእጁ ዳሰሰ። «እትዬ፣ እዚህ መኖር እችላለሁ» አለኝ በመጨረሻ። ከታመመ ወዲህ «እችላለሁ» ሲል የሰማሁት ያኔ ነው። የቤቱ ሰዎች ግን ክፍሏን የሚይዙለት ሁላችንም «ዲሰቢሊቲ» የምንለው የመንግሥት ድጎማ እስኪወሰን ብቻ ነው፤ ካልተፈቀደ ለሌላ ሰው ይሰጧታል። ለመወሰን ደግሞ መንግሥት የመረጣት ሐኪም ሳን ሆዜ ድረስ አስጠርታ ልታየው ነው።

የመስፍንን ጉዳይ የምትከታተለው ኬዝ ዎርከራችን ደውላ መከረችኝ። «እንደ ወትሮው ሆኖ ይሂድ፤ አታሳምሩት። የሚያወራውም ክፉ ቀኑን ይሁን።» «ኦኬ፣ ኦኬ» አልኳት። ከዚያ ስልኩን ዘግቼ ሸሚዙን ተኮስኩ። ምን ላድርግ? ሰው ፊት የሚቀርብ ወንድሜን ጨርቁ ተጨማዶ አላወጣውም፤ ኬዝ ዎርከር ይቅርና ፕሬዚዳንቱ ቢደውል!

አስተርጓሚ ያስፈልግ ነበር፤ በክፉ ቀኑ እንግሊዝኛው ከአፉ ይጠፋል። በስልክ አስተርጓሚ እንመድባለን ብለውን ነበር፣ ግን ፊት የሌለው ድምፅ ለሚያሠቃየው ሰው ሌላ ፊት የሌለው ድምፅ ምኑ ነው? ስለዚህ የሚያምነውን ሰው ይዞ እንዲመጣ ተፈቀደለት። የሚያምነው የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌ፣ ጋሽ ታደሰን ነው። ጋሽ ታደሰ በማለዳ መጡ። በእጃቸው ከረባት ይዘዋል።

«ጋሽ ታደሰ፣ እንዳታሳምሩት ተብለናል እኮ።»

«አንቺ ልጅ፣ ሐኪም ዘንድ እኮ ነው! ሰው መስሎ ይግባ እንጂ።»

«ሰው መስሎ ከገባማ ምን ብለው ይሰጡታል?»

«እግዚአብሔር ይሰጠዋል።»

እግዚአብሔርን ከጎኑ አስቁሞ ለሚከራከር ሰው መንገዱን ለቀቅኩ። መስፍን አገጩን ቀና አድርጎ እንደ ሙሽራ ቆመላቸውና አሰሩለት። ከዓይን ያውጣው፣ አማረ! ፎቶ አነሳሁት። ለኬዝ ዎርከሯ ግን አልላኩላትም።

ፍሪሞንት አካባቢ መንገዱ በመኪና ተጨናንቆ ስንቆም ጋሽ ታደሰ ከኋላ ሆነው ግማሹን መንገድ ጸለዩ፣ ግማሹን ደግሞ መስፍንን ሲያሠለጥኑ ዋሉ። «ስትገባ ቀና ብለህ ሰላም በላት። ዓይንህን አትስበር።» ሥልጠናው ሠራ። ሐኪሟ ገና «እንዴት ሰነበትክ?» ከማለቷ መስፍን ብድግ ብሎ እጅ ነሳና «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ ደህና ነዎት?» አላት። ጋሽ ታደሰ ተረጎሙ፤ «በጣም ደህና ነው፤ የመጣውም ከተከበረ ቤተሰብ ነው» ብለው ከራሳቸው ጨመሩበት።

ሐኪሟ ጻፈች።

«ምግብህን ራስህ ታበስላለህ?» «አዎ።» ጻፈች። «ጓደኞች አሉህ?» «ብዙ ናቸው።» ጋሽ ታደሰ፣ «ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ጓደኛው ነው!» ጻፈች። ጣቶቿ ኮምፒውተሩን በነኩ ቁጥር ያቺ የኦክላንድ ክፍል ከእጃችን ስትንሸራተት ይታየኛል። እህት የምትናገረው በመጨረሻ፣ ስትጠየቅ ነው ተብያለሁ። ስለዚህ ዝም አልኩ። የሚያውቁኝ ይሄን ሲያነቡ አያምኑኝም፤ ግን እውነቴን ነው፣ እኔ ዝም አልኩ!

ከዚያ ጠየቀችው። «ሌሎች ሰዎች የማይሰሙትን ድምፅ ትሰማለህ?»

መስፍን ከረባቱን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። «አዎ» አለ በአማርኛ። «አሁንም እየሰማሁ ነው።»

ጋሽ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጎረቤቶቹ ትንሽ ይረብሹታል ነው የሚለው» አሏት።

እዚህ ላይ ሰውዬው ክፉ እንዳይመስሏችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጋሽ ታደሰ ውሸታም አይደሉም። መስፍን ሲታመም ሌላው ሰው አንድ ሁለት ጊዜ ብቅ ብሎ ሲጠፋ፣ እሳቸው ያለማቋረጥ እየመጡ ከመጋረጃው ጥግ ቁጭ ብለው አብረውት ዝም ይሉ ነበር። ጾመውለታል። ግን «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ባይ ናቸው፤ በሽታ በአፍ ከተነገረ ይጸናል፣ በጽሑፍ ከሰፈረማ የት ይወጣል ብለው ያምናሉ። የአንድ ልጅ ገመና በእጃቸው ሲወድቅ ያደጉበትን አደረጉ። ሸፈኑት። እኔም ይሄን እያወቅኩ ሰበብ አስባብ ሳልል በጫማዬ ጫማቸውን ልረግጥ እግሬን አነሳሁ።

መስፍን ቀደመኝ። እንግሊዝኛ ከአፉ ይጥፋ እንጂ ከጆሮው አይጠፋም። እጁን ክንዳቸው ላይ አሳረፈ።

«ጋሼ፣ እኔ እንደሱ አላልኩም።»

«ልጄ፣ ይጻፋል እኮ!»

«ይጻፍ።»

«የቤተሰብህ ስም…»

«ስሙን የተሸከምኩት እኔ አይደለሁ ጋሼ? ሲከብደኝም እኔ ልናገር። እርስዎ ቃሌን ብቻ ያሻግሩልኝ።»

ከዚያ ከረባቱን ፈታ። አልወረወረውም፤ በደንብ አጥፎ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠላቸውና ወደ ሐኪሟ ዞረ።

«ድምፁ የእናቴን ድምፅ ይመስላል» አለ። «ሌባ ይለኛል። ውኃ ስከፍት ይብስበታል፤ ስለዚህ ገላዬን ሳልታጠብ እሰነብታለሁ። ዛሬ የታጠብኩት እህቴ ከበሩ ውጪ ቆማ ስታወራኝ ስለነበር ነው። ምግብም አላበስልም፣ ዋሽቻለሁ። ስቶቭ ከፍቼ እረሳለሁ። እህቴ የስቶቩን ማዞሪያዎች ነቅላ በቦርሳዋ ይዛ ነው ሥራ የምትሄደው። የማላውቅ ይመስላታል።»

ጋሽ ታደሰ ቃል በቃል ተረጎሙ። ድምፃቸው ተሰበረ እንጂ አንዲት ቃል አልጨመሩም፣ አንዲትም አልጣሉም።

ሐኪሟ ወደኔ ዞረች። ምን ልበል? ቦርሳዬን ከፈትኩና ከሊፕስቲክና ከሶፍት መሐል ማዞሪያዎቹን እየለቀምኩ ጠረጴዛዋ ላይ ደረደርኩላት። ይዣቸው ስዞር መኖሬን ማንም የሚያውቅ አይመስለኝም ነበር።

«ታዲያ እስከዛሬ ለምን ዝም አልከኝ?» አልኩት።

«እንዳታፍሪ ብዬ።»

አያችሁልኝ? እኔ የሱን ገመና ሸፍኜ ስኖር፣ እሱ ደግሞ መሸፈኔን ይሸፍንልኝ ኖሯል። ከዚህ የባሰ አበሻ የት ይገኛል?

ሐኪሟ አሁን ቀስ ብላ ጠየቀችው። «ጓደኞችስ? እውነቱን።» መስፍን በአገጩ ወደ ጋሽ ታደሰ አመለከተ። «እሳቸው» አለ። ይሄን ጋሽ ታደሰ መተርጎም አቃታቸው። እኔ ተረጎምኩት።

እሑድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ እናቶች በር ላይ ቆመው ይኮራሉ። የአንዷ ልጅ ማውንቴን ቪው ከተማ ውስጥ ኢንጂነር ነው፣ የሌላዋ ነርስነቷን ጨርሳለች፣ የሦስተኛዋ ቤት ገዝቷል። ይባረኩ፤ እልልታዬን አልነፈግኳቸውም። ግን እኔን የጠየቀኝ ቢኖር፣ ወንድሜ ለማያውቃት ሴት፣ ቁጭ ባለበት፣ ማንም ሳያስገድደው፣ ስለ ራሱ እውነቱን ተናገረ እለው ነበር። ኮድ መጻፍ በትምህርት ቤት ይማሩታል። ይሄኛውን የት ይማሩታል?

ተፈቀደለት። ጋሽ ታደሰ ደውለው «እንኳን ደስ ያላችሁ!» ብለው ጮኹና ወዲያው ዝም አሉ፤ በምኑ እንደሆነ ለራሳቸውም ግራ ገብቷቸው ይመስለኛል። መንግሥት መታመሙን አመነልን ብሎ እልል ያለ ቤተሰብ ከኛ ሌላ ካለ ያስተዋውቁኝ። እኔማ እልል አልኩ። ጎረቤቴ ቻይናዊቷ «ልጅ ዳርሽ እንዴ?» ብላ በመስኮት ብቅ አለች፤ «የስ» አልኳት፣ ማስረዳቱ ረጅም ነው።

መስፍን ኦክላንድ ገባ። በሳምንቱ እኔ እንደማንኛዋም ጨዋ እህት፣ ወጥ በድስት ይዤ፣ መቀነቴን አጥብቄ ከተፍ አልኩ። በሩን ራሱ ከፈተው።

«እትዬ፣ ደውለሽ ነበር?»

«እኔ? ለወንድሜ? በአፖይንትመንት?»

«የሚመጣ ሰው ቀድሞ ይደውላል። ሕግ ነው።»

«ማን ያወጣው ሕግ?»

«እኔ ያወጣሁት።»

ድስቱን ተቀበለኝና በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

የታላቅ እህት ቁጣ ምን እንደሚመስል ታናሽ ወንድም ያላችሁ ታውቁታላችሁ። በሩን ልደበድብ እጄን አነሳሁ። እጄን ግን አየር ላይ ሌላ ነገር ያዘው፤ ያ ከሳሎኔ መጋረጃ ኋላ ወጥቶ «ራበኝ» ለማለት ይቸገር የነበረ ልጅ፣ እኔን፣ እኔን ራሴን፣ ደጅ አስቀረኝ! መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ደወልኩ። በመስኮቱ ይታየኛል፤ ስልኩን ይዞ ቆሞ፣ ሲጠራ ያየዋል፣ ደግሞም ያየዋል፤ አይቸኩልም። በመጨረሻ አነሳው።

«ማን ልበል?» አለኝ ኮራ ብሎ።

ኩራቱ ግን ከኔ አይበልጥም።