ጭኑ ላይ ታርጋ ያለው መኪና

ጠጋ በሉ እስቲ። ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ከደጅ ካባረረን ወዲያ ከማውራት በቀር ምን ሥራ አለን? አንተ ደግሞ ከበሩ ራቅ በል፣ ፍንጣቂው ያገኝሃል።

ወንድ ልጅ የገዛውን ነገር እንዳለ መተው አይሆንለትም። በሬ ቢገዛ ቀንዱን ቅቤ ይቀባል። ጠመንጃ ቢገዛ ሰደፉን ያስለብጣል። ሚስት ሲያገባ ደግሞ... እሱን እንተወው። ባሌ ጌታሁን መኪና ገዛ። የዛሬን አትዩ፤ ያኔ በጃንሆይ ዘመን ዳንግላ ላይ መኪና ያለው ሰው ሲያልፍ ሽማግሌው ከመቀመጫው ይነሳ ነበር። መኪናው የጭነት ነው፤ ከጫግኒ እህል ሲያመላልስ አርጅቶ ነው ወደ እኛ የመጣ። ጌታሁን ደጃችን ላይ አቁሞት ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ሲያየው ዋለ። አልወደደውም።

ለምን አትሉም? እንደ አገራችን ወንድ ሁሉ ጌታሁን መጀመሪያ ፈረሰኛ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። መኪናውንም ያየው በፈረሰኛ ዓይን ነው። ከፊት የሚታሰረው ብረት፣ ሹፌሮቹ ፓራውልት የሚሉት፣ ለሱ ልጓም ነው። ቁሞ እያደረ እንኳ ልጓም የማይወልቅለት ምን የተረገመ ፍጡር ነው ብሎ አዘነለት። ፈታና ከጎታው ጥግ አስቀመጠው። በምትኩ ወይራ አስጠረበለት፣ በቀይ ጨርቅ ጠቀለለው፣ የፈረሱን ቃጭል አሰረበት።

ታርጋው ግን ጭራሽ አናደደው። የከብት ምልክት የሚተኮሰው ጭኑ ላይ ነው፤ ግንባሩ ላይ ብረት የሚለጥፍ ምን ዓይነት ጨካኝ ነው? እናም ታርጋውን ከፊት ነቅሎ ከኋላ ጎማው በላይ፣ ከጎኑ ሳንቃ ላይ መታው። በግንባሩ ደግሞ ፈረሱ ለጥር ጊዮርጊስ የሚያጠልቀውን ባለ ዘርፍ ጌጥ ሰቀለለት። መንዳት ያስተማረው ሹፌር ስለ ታርጋ ምንም አልነገረውም፤ ጌታሁንም አልጠየቀም። እውነቱን ልናገር? አምሮበት ነበር።

አሁን ወደ ሠርጉ ልምጣላችሁ። የጌታሁን ታናሽ ወንድም አለነ ፈረስ ይፈራል። በልጅነቱ ጥሎታል፤ ከዚያ ወዲህ ፈረስ ሲያሽካካ ከሰማ ላብ ያጠምቀዋል። በሌላ አገር ይህ ምንም አይደለም። በእኛ አገር ግን ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ለንስሐ አባቱም አይናገር። ታዲያ ሰውየው የወደዳት ልጅ የማን ልጅ ናት? የሻረግ ትባላለች፣ የጥሊሊው የአያ ተገኘ ልጅ ናት፤ ከነፍሱ ቀጥሎ ፈረሱን የሚወድ ሰው። የጥርባ አገር ሰው የሆነ አንድ ፈረሰኛም ጠይቋት ነበር። አያ ተገኘ ለእኛ ቃል ሰጠ፤ ግን በቅበላው እሑድ ካልመጣችሁ ሰኞ ሁዳዴ ይገባል፣ እስከ ፋሲካ ሠርግ የለም፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ለጥርባው ሰጥቻለሁ አለ። እኛም ሙሽራው በመኪና ይመጣል አልን። ትልቅ ኩራት ተደረገ። እውነቱን የምናውቀው ሦስታችን ብቻ ነን።

እሑድ ጠዋት ተነሳን። ሴት ከሙሽራ አጀብ ጋር አትሄድም ነበር፤ መኪናው ሰፊ ነው ተብሎ እኔም ተጫንሁ። ቀድመውን የወጡትን ባለ ፈረሶች መንገድ ላይ እያለፍናቸው፣ ቃጭላችንን እያንሿሿን እንጅባራ ደረስን፤ ያኔ ኮሶበር ነበር የምንላት። ኬላው ላይ ፖሊስ አስቆመን። የኛ አገር ሰው አልነበረም። መኪናውን ከፊቱ ቁሞ ለረጅም ጊዜ አየና ታርጋው የት አለ አለ። ጌታሁን በኩራት ወደ ኋላ ወስዶ አሳየው።

«ጭኑ ላይ ነው፣ ጌታዬ።»

«መኪና ጭን አለው?»

«ግንባር ካለው ጭን እንዴት ያጣል?»

ፖሊሱ ትንሽ ያሰበበት መሰለኝ። ከዚያ ግን ብረቱም ታርጋውም ወደ ቦታቸው ካልተመለሱ መኪናው ንቅንቅ አይልም አለ። ብረቱ ያለው ዳንግላ፣ ከጎታው ጥግ ነው። ሙሽራ ይዘናል፣ ነገ ጾም ነው ብዬ ለመንሁት። አዝናለሁ እህቴ፣ ፊት በሌለው መኪና ሙሽራ አይመጣም አለኝ፤ በትሕትና ነው ያለኝ፣ አልዋሽበትም።

ይህን ስንባባል ያለፍናቸው ባለ ፈረሶች ደረሱብን። ሁሉም ከኮርቻው ላይ ሆኖ አለነን ያየዋል። አለነ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ፣

«እታለም፣ በእግሬ ልሂድ» አለኝ።

«ሙሽራ በእግሩ ሲደርስ የጥርባው ሰው ምን ይላል?»

«በፈረስ ሄጄ መንገድ ላይ ብሞትስ?»

«ብትሞትም በጊዜ ትደርሳለህ።»

አንዱ ከፈረሶቹ ሁሉ የሰከነችውን ባዝራ ለቀቀለት። ጌታሁን አቅፎ ጀርባዋ ላይ አወጣው። አለነ ሁለት እጁን አንገቷ ላይ ጠምጥሞ፣ ፊቱን ጋማዋ ውስጥ ቀብሮ፣ ዓይኑን ጨፈነ። እስከ ጥሊሊም አልገለጠውም። እኛም በሰው ፈረስ ተፈናጠን ተከተልን።

አያ ተገኘ ከሽማግሌዎች ጋር ሜዳው ላይ ቁሞ ጠበቀን። አጃቢው ሁሉ ወረደ፤ አለነ አልወረደም። ቀናም አላለ። እጁ ቢላቀቅለት ኖሮ እኮ ይወርድ ነበር። አያ ተገኘ አየው፣ አየው፣ ወደ ሚስቱ ዞሮ በአገውኛ አንድ ነገር አላት፤ ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ እንዲህ አለ፦

«ስንት ሙሽራ ደረቱን ነፍቶ እዚህ ሜዳ ላይ ሲፈነጭ አይቻለሁ። አማቱ ፊት ቀና ማለት ያፈረ ግን ይሄ መጀመሪያው ነው። ማነው ያሳደገው?»

ጌታሁን ሳያቅማማ «እኔ ነኝ» አለ።

ሠርጉ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሆነ። አያ ተገኘ ደስታው ቢበዛበት ለአማቹ ከበረቱ ኃይለኛውን ድንጉላ ፈረስ መረቀለት። አለነ አመሰገነ፤ ቀና ሳይል።

ጌታሁን ብረቱን ከዳንግላ አምጥቶ መኪናውን አስለቀቀ፤ ጥቂት ዓመት ነዳውና ቁልቁለት ላይ ቢሰበርበት ለብረት ሸጠው። ፖሊሱ ወደ ጫግኒ ተዛውሮ እዚያው ወልዶ ከበደ። የሻረግ ድንጉላውን እየጋለበች ገበያ ትሄድ ነበር፤ አለነ ከኋላዋ በእግሩ ይከተላል፣ ሰውም ሚስቱን እንዴት ቢያከብር ነው ይላል። በኋላ አገሩ ሽማግሌ አደረገው። ጠብ በተነሳ ቁጥር ያን ትሑት ሰው ጥሩት ይባላል። የትም ይሁን የት፣ በእግሩ ይመጣል።