ከሙሉ ልብስ በታች፣ ከቢጃማ በላይ

በብስክሌት የሚመላለስ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። ካለም ገና ሥራ አልጀመረም ማለት ነው። ይህ ሰው ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፎ ዝም ብሎ ሥራውን ቢሠራ ምን ነበረበት! አያደርገውም። ስለ ሙቀት ያስተምራል፤ ስለ ጨርቅ ይሰብካል፤ ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ምስኪን ሸሚዝ በየጠዋቱ ይፈትሻል። ያ ምስኪን እኔ ነኝ።

የምንሠራው ማተሚያ ቤት ውስጥ፣ እርማት ክፍል ነው። ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮትና መሽከርከር የተወ አንድ ቬንቲሌተር አለን። ወፍራም መጽሐፍም ይሁን የመጸዳጃ ቤት በር ላይ የሚለጠፍ ማሳሰቢያ፣ ከሁለታችን የአንዳችን ፊርማ ካላረፈበት ከዚህ ቤት አይወጣም። ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ሰው ሊቀ ፔዳል ይባላሉ። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ አንቱታውም የኔ ነው። በዕድሜስ እኩያዬ ናቸው። ግን በዚያ ፀሐይ አርባ ደቂቃ ፔዳል ረግጠው፣ ሸሚዛቸው ደርቆ፣ ፀጉራቸው ተበጥሮ ከች የሚሉ ሰው እንዴት አንተ ይባላሉ? እኔ በአውቶቡስ ተቀምጬ መጥቼ፣ እንግዳ ተቀባይዋ ውጭ ዝናብ ጀመረ እንዴ ብላ ጠይቃኛለች።

የሊቀ ፔዳል ሕገ መንግሥት አንድ አንቀጽ ብቻ ነው፦ "ከሙሉ ልብስ በታች፣ ከቢጃማ በላይ።" በዚህ መሀል ያለው ሁሉ ለሥራ ይሆናል ይላሉ፤ መሀሉ ግን ሰፊ አገር ነው፣ መሪ ያስፈልገዋል። መሪው ማን እንደሆነ መናገር አያሻም። ግራጫ ሸሚዝ በሙቀት ወሬኛ ነው፤ ብብትህ ያለውን ሁሉ ለሰው ያወራብሃል። ነጭ ወይም ጠቆር ያለ ሰማያዊ ግን ምስጢር ይጠብቃል። ሱሪ ሳሳ ያለ ጥጥ ሆኖ ጉልበቱ ላይ ሰፋ ይበል። ጫማ ማሰሪያ አይኑረው፣ ሰንሰለቱ ይበላዋል። ቦርሳ ጀርባ ላይ ማንጠልጠል ምድጃ ማዘል ስለሆነ ከኋላ መጫኛው ላይ ይታሰር። የቢሮው ሸሚዝ እንደ ጋዜጣ ተጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ይጓዛል፤ ባለቤቱ ሲደርስ ወረቀት መጋዘን ገብቶ፣ በእርጥብ ፎጣ ተጠራርጎ፣ አምስት ደቂቃ ሳይንቀሳቀስ ይቆምና ይለብሰዋል። ይህን አምስት ደቂቃ "ሞተር ማብረድ" ይሉታል። የመጋዘኑ ሠራተኛ መጀመሪያ ሰሞን ወረቀት መሀል ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው አይታ ደንግጣ ነበር፤ አሁን ሰላም ብላቸው ታልፋለች።

ከዚያ ደግሞ ያ ጥያቄ አለ። "አየር ያስገባል?" ሸሚዝ ቢሆን፣ ጫማ ቢሆን፣ መጋረጃ ቢሆን፣ ሊቀ ፔዳል በሁለት ጣታቸው ቆንጠጥ አድርገው ይጠይቃሉ። አንድ ጊዜ የአንድ ደራሲን ግማሽ ገጽ የሚሞላ ዓረፍተ ነገር አንብበው ሲጨርሱ፣ ኅዳጉ ላይ በእርሳስ "አየር አያስገባም" ብለው ጻፉ። ደራሲው ተናደደ፤ ሳምንት ቆይቶ ግን ሦስት ቦታ ከፍሎት መለሰው።

እኔንም ሊያድኑኝ ሞክረዋል። ፖሊስተር መልበሴ አንጀታቸውን ሲበላው ጊዜ እጄን ይዘው ልብስ ቤት ወሰዱኝ። ሊቀ ፔዳል ሸሚዙን ወደ ብርሃን ያነሡትና፣ ጨርቁን አፋቸው ላይ አስጠግተው እፍ ይላሉ፤ ትንፋሻቸው በወዲያኛው በኩል መዳፋቸው ላይ ከደረሰ ሸሚዙ አለፈ። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ባለ ሱቋ መታገሥ አቃታት።

"ጋሼ፣ ሸሚዝ እኮ ነው። ሾርባ አስመሰሉት።"

እሳቸው ግን ስምንተኛውን አነሡ። እኔ በኀፍረት ደጅ ወጥቼ ጠበቅኋቸው። ያን ቀን የተመረጠልኝን ሸሚዝ ለእልህ ያህል ወር ሙሉ አልለበስኩትም። በኋላ ለብሼው ምን እንደተሰማኝ ለእሳቸው ተናግሬ አላውቅም፤ ለናንተም አልናገርም።

ሊቀ ፔዳልን ለአደጋ ያጋለጣቸው የልብስ መቆንጠጫ ነው። የቀኝ ሱሪያቸውን ጫፍ የሰንሰለቱ ግራሶ እንዳይነካው በልብስ ማስጫ መቆንጠጫ ይይዙታል፤ አንዳንዴም ሳይፈቱት ይውላሉ። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ትልቅ ደንበኛ ይዞ ክፍላችን የገባ ዕለት፣ ሊቀ ፔዳል በክብር ተነሥተው ሲጨብጡ፣ ደንበኛው ቁልቁል እግራቸው ላይ ያለችውን ቢጫ መቆንጠጫ ተመለከተ። ሥራ አስኪያጁም ተመለከተ። በዚህ ሐሩር ኮትና ከረባት የማያወልቅ ሰው ነው፤ ለነገሩ መኪናውም ቢሮውም ማቀዝቀዣ አላቸው። ማግስቱን የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ሹክ አለችን፦ ከሰኞ ጀምሮ ሠራተኛው በሙሉ፣ ሙሉ ልብስ ሊለብስ ነው።

ሊቀ ፔዳል ነገሩን በሙከራ ሊያረጋግጡ ፈለጉ። ሐሙስ ጠዋት የሠርጋቸውን ሙሉ ልብስ ለብሰው በብስክሌት መጡ። መጡ ከተባለ። ከውኃ ጉድጓድ የወጣ ሰው መስለው ነው የገቡት። ኮቱ ወንበሩ ላይ ተሰጥቶ ሲንጠባጠብ፣ ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው ዋሉ። ቀኑን ሙሉ ማንንም አየር ያስገባል ብለው አልጠየቁም። የመረጡልኝን አዲስ ሸሚዝ ለብሼ ሆን ብዬ ፊታቸው ብንጎራደድም ቀና ብለው አላዩኝም።

እዚህ ላይ አንቱታውን አንሥቻለሁ። እንደዚያ ሆኖ ያየሁትን ሰው አንቱ እያልኩ ማላገጥ አልሆነልኝም።

መውጫ ሰዓት ሲደርስ ብስክሌቷን ለእህቱ ልጅ ሊሰጣት እንደሆነ ነገረኝ። በአውቶቡስ መምጣትም ይለመዳል፣ አንተም ለምደኸው የለ ብሎ ሊቀልድ ሞከረ፤ አልሳቅሁም። ከዚያ ቦርሳውን እያሰረ፣ ሳያየኝ፣ እንዲህ አለ።

"ቤት ስሆን የቤት ሰው ነኝ፤ እዚህ የመሥሪያ ቤት ሰው ነኝ። እኔ እኔን የምሆነው መንገድ ላይ ያቺን አርባ ደቂቃ ነው።"

ዐሥራ አንድ ዓመት ስለ ጨርቅ ሲያወራ ለካ ስለዚህ ነበር የሚያወራው።

ዓርብ ከሰዓት የሥራ አስኪያጁ ማስታወቂያ ለእርማት መጣ፤ ዕድል ሆነና የኔ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ "ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ማንኛውም ሠራተኛ በሙሉ ልብስ በሥራ ገበታው ላይ እንዲገኝ በጥብቅ እናሳስባለን።" አነበብኳት። ደግሜ አነበብኳት። ስሕተት የለባትም። እርሳሴን አነሣሁ፣ አስቀመጥኩ፣ እንደገና አነሣሁ። ከዚያ ፈርሜ ላክሁ። ጸሐፊዋ በንጹሕ ወረቀት አወጣቻት፤ ሥራ አስኪያጁም፣ እርማት ክፍል ያየውን ምን ልድገመው ብሎ ይመስለኛል፣ ሳያነብ ፈረመ።

ሰኞ ጠዋት ሰው ሁሉ ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ተኮልኩሏል። ኮት ለብሶ ወዙ የሚፈስ አለ፤ ከረባቱን በእጁ የያዘ አለ። ወረቀቱ ላይ የሚነበበው ግን፣ ማንኛውም ሠራተኛ በሙሉ ልብ በሥራ ገበታው ላይ እንዲገኝ ነው። ከጥረዛ ክፍል አንዲት ቆፍጣና ሴት አሉ፤ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ አመስግነው የማያውቁ። ሥራ አስኪያጁ በበሩ ሲገባ ሄደው እጁን ያዙት።

"ልጄ፣ ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ቤት ስሠራ እጄን እንጂ ልቤን የጠየቀኝ የለም። እግዜር ያክብርህ።"

ሥራ አስኪያጁ ያልገባው ሰው ፊት አሳየ። ወደ ሰሌዳው አየ፤ አነበበ፤ አንገቱ ቀላ። ዓይኑ እኔን ፈልጎ አገኘኝ፤ እኔም ከሥራ መባረሬ ነው አልኩ። ግን እትዬ እጁን አልለቀቁትም፤ ሰዉ ደግሞ ማጨብጨብ ጀመረ። አዎ፣ በሙሉ ልብ ነው ያልኩት፣ አለ። ደረጃውን ሲወጣ ከረባቱን ላላ ሲያደርግ አይቼዋለሁ።

ሊቀ ፔዳል ከሁሉም በኋላ ደረሰ፤ በአውቶቡስ፣ በዚያው በሠርግ ኮቱ። ሰሌዳው ፊት ብዙ ቆመ። ከዚያ መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ተደገፈ። ዓይኑ ውስጥ እንባ አለ፣ ከንፈሩ ግን ሳቁን አልይዝ ብሎታል።

"አንዲት ስ ጎድላለች" አለኝ በሹክሹክታ። "አንተን አምልጣህ አታውቅም። የት ሄደች?"

"ሙቀት አይደል" አልኩት፤ "አወለቅኳት።"