ውስጡ ከውጩ የሰፋው ቱቦ

በዓለም ላይ ቱቦ የሚመርጡ ብዙ መሥሪያ ቤቶች አሉ፤ ቱቦን የዚህን መሥሪያ ቤት ያህል ያከበረ ግን አልተሰማም። ነገሩን የጀመረው ቴክኒሻኑ ነው። የከተማው ጡረተኞች ፋይል ሁሉ ያለበት፣ በውሃ የሚቀዘቅዘው ኮምፒውተር ቱቦው ተሰንጥቆ ያንጠባጥብ ጀመር። የፋይሉ ቅጂ የለም፤ ቅጂ አስቀማጩ ኮሚቴ ገና ሰብሳቢ እየመረጠ ነበር። የገዛ እናቱም ፋይል እዚያው ውስጥ ነውና ቴክኒሻኑ በዚያው ዕለት «ውስጡ አሥር፣ ውጩ አሥራ ሦስት ሚሊሜትር የሆነ ቱቦ ይገዛልኝ» ሲል ጻፈ።

እንዲህ ያለ ከባድ ጉዳይ ለአንድ ሰው አይተውም። የቱቦው የውስጥ ስፋት ለውስጥ አስተዳደር፣ የውጭ ስፋቱ ለውጭ ግንኙነት ክፍል ተመራ። ውስጥ አስተዳደር ለክብሩ የሚመጥነውን አስቦ አሥራ ስድስት ወሰነ። ውጭ ግንኙነት ደግሞ እንግዳ ሲያየው ቀጠን ብሎ እንዲያምር አሥራ ሁለት አለ። ሁለቱም በሙሉ ድምፅ ጸደቁ፤ ተጨበጨበም።

ቴክኒሻኑ ቃለ ጉባኤውን ይዞ የግዥ ኮሚቴው ሰብሳቢ ዘንድ ገባ።

«ጌታዬ፣ ውስጡ ከውጩ የሚሰፋ ቱቦ የለም።»

«እዚህ ከተማ የለም ነው፣ ወይስ ጭራሹን የለም?»

«ጭራሹን የለም።»

«እንግዲያው ጨረታው ዓለም አቀፍ ይሆናላ።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲሉም መክረው ሸኙት።

ጨረታው እስኪወጣ ቴክኒሻኑ ከቤቱ ያመጣውን ቱቦ ገጠመ። ኮምፒውተሩ አራት ወር ሙሉ ትኩሳት ሳያውቀው ሠራ። በአምስተኛው ወር ቁጥጥር ክፍል ማስመሪያ ይዞ መጣና ለካ፤ የቱቦው ውጭ ከውስጡ በልጦ ተገኘ። ሕገወጡ ቱቦ እንዲነሳ፣ ሥራው ግን ለደቂቃ እንዳይቋረጥ ታዘዘ። ቴክኒሻኑ ለመነ፤ እናቴ ከዚያ ፋይል በቀር ሌላ ማስረጃ የላትም አለ። ልመናውም በቃለ ጉባኤ ተመዘገበለት። ቱቦውንም ነቀለው። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ክፍሉ በጭስ ታፈነ።

በማግስቱ ሰብሳቢው ጸሐፊያቸውን አስከትለው መጡ። በመስኮቱ በኩል የቴክኒሻኑ እናት ከተሰለፉት ጡረተኞች መካከል ቆመው ይታያሉ። ሰብሳቢው መዳፋቸውን በጠቆረው ኮምፒውተር ላይ አሳርፈው ጥቂት ቆዩና ቴክኒሻኑን ጠሩት።

«እስቲ ንካው። ይሞቃል?»

«አይሞቅም፣ ጌታዬ።»

ሰብሳቢው ወደ ጸሐፊዋ ዞሩ።

«ጻፊ፤ የማቀዝቀዙ ሥራ መቶ በመቶ ተጠናቋል።»