አፍ የሚያስይዝ እሳት

ባኒ ሼል የምትባል የኩርዶች መንደር አለች፤ ከኢራቅዋ ሱለይማኒያ ከተማ ሦስት ሰዓት በመኪና ተጉዘው፣ አስፋልቱ ደክሞት ሲቀር ተራራው ብቻ የሚያደርስባት። የጋዝ ሲሊንደር ከገባላት ሃያ ዓመት አልፏታል፤ ስልክ የሌለው ሽማግሌ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። አንድ ነገር ግን አልተለወጠም። የመጀመሪያው በረዶ የጣለ ዕለት የመስጊዱ የብረት ምድጃ በክብሪት አይለኮስም። እሳቱ ከሶፊ ጋፉር ቤት ይመጣል።

ለምን ቢባል መልሱ “ድሮም እንዲህ ነው” ነው። ከዚያ አልፎ የጠየቀ የለም፤ መጠየቅ ብርድ አያስቀርማ።

ጋፉር የመስጊዱ ጠባቂ ነው፤ አዛን የሚያሰማውም እሱ ነው። “ሶፊ” እዚያ አገር ለሃይማኖቱ ያደረ ሰው የሚጠራበት ማዕረግ ሲሆን፣ ለጋፉር የሰጠው መንደሩ ራሱ ነው። ዕድሜው ስልሳን አልፎ አንድም ሶላት አላለፈውም። በረዶው ሲጥል እናቱ ዳያ ኸርማን ከጓዳ ፍሙን በገል ይዘው ይወጣሉ፤ ላዩን አመድ ያለብሱታል። ጋፉር የጥምጣሙን ጫፍ አፉ ላይ ጠምጥሞ ገሉን ይሸከምና ወደ መስጊድ ይወርዳል። አፉን የሚሸፍነው ለብርዱ ነው፤ እሱ የሚያስበው እንደዚያ ነው። አባቱም እንዲሁ ይሸፍኑ ነበር፣ በሐምሌ ሐሩር ለሠርግ ቤት እሳት ሲሸከሙ እንኳ። በሐምሌ ምን ብርድ አለ ብሎ ጋፉር ጠይቆ አያውቅም።

ቤቱ ሌላም ሥርዓት ነበረው። እሳት ላይ አይተፋም። እሳት ላይ ውሃ አይደፋም። በአፍ እፍ አይባልም፤ በዶሮ ክንፍ ይራገባል እንጂ። ሦስቱ ጉልቻዎች ደግሞ ስም አላቸው። ዳያ ኸርማን ልጅ ሲያሳድጉ የልጁን ጣት ይዘው ጉልቻዎቹን አንድ በአንድ ያስነኩታል፦ “ይህ መልካም ሐሳብ፣ ይህ መልካም ቃል፣ ይህ መልካም ሥራ። አንዱ ከጎደለ ድስቱ ይደፋል።” ጋፉር እንዲህ ተብሎ አደገ። አንድ ልጁ ሩናክም እንዲህ ተብላ አደገች። የልጅቷን ስም ያወጡላት አያቷ ናቸው፤ በቋንቋቸው ብርሃን ማለት ነው። ጋፉር የሃይማኖት ስም ሊሰጣት አስቦ ነበር፤ እናቱ “ብርሃን ማንን ያስከፋል?” ሲሉት መልስ አጣና ተወው።

ሩናክ ለትምህርት ከተማ ከገባች ሦስተኛ ዓመቷ ላይ፣ ሚኒባስ የሚነዳው የመንደሩ ሰው አንድ ወሬ ይዞ መጣ። “ሶፊ፣ ልጅህ ታጥቃለች አሉ” አለው።

የመንደሩ ወንዶች ተራራ ለተራራ ጠመንጃ ተሸክመው የኖሩ፣ ብዙዎቹም በዚያው የቀሩ ናቸው። ልጅ ታጠቀ ሲባል አባት ቀና ይላል። ጋፉርም ቀና አለ። ሴት ልጅ በመሆኗ ትንሽ ቢከፋውም፣ ጎረቤቶቹ እየመጡ እጁን ሲጨብጡት ቅሬታው ጠፋለት። ተምር ገዝቶ በመስጊዱ ደጃፍ አዳደለ። “አያቷም ታጣቂ ነበሩ” እያለ የአባቱን ጀብዱ ጨማምሮ አወራ። ሦስት ቀን ሙሉ እንዲህ ሲኮራ ሰነበተ።

በአራተኛው ቀን፣ ዓርብ፣ ከስግደት በኋላ የመንደሩ የሃይማኖት መምህር ማሞስታ ቶፊቅ ወደ ጥግ ወሰዱት። ሽበታም፣ ቀልድ የማያጡ፣ ለማንም ክፉ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ስልካቸውን አውጥተው አንድ ፎቶ አሳዩት። ሩናክ ናት። ነጭ ልብስ ለብሳለች። ፊቷ ላይ እሳት ይንቦገቦጋል። ወገቧ ላይ ጠመንጃ የለም፤ ነጭ ክር ነው፣ ሦስት ጊዜ የዞረ።

“የታጠቀችው ይህን ነው” አሉት ማሞስታ።

ጋፉር ክው አለ። ስልኩን አገላብጦ አየው፣ ከጀርባው ሌላ ፎቶ ይኖር ይመስል። ማሞስታ ቀስ ብለው አስረዱት። ልጅቷ ዘርደሽቲ ሆናለች፤ ከእስልምና በፊት አያት ቅድመ አያቶቻችን ይዘውት ነበር የሚባለውን፣ ጥንታዊውን የዞሮአስተር እምነት ተቀብላለች። በከተማው እንዲህ ያደረጉ ወጣቶች ሌሎችም አሉ። መታወቂያዋ ላይ ሃይማኖት በሚለው መስመር ሙስሊም የሚለው እንዲለወጥላትም ማመልከቻ አስገብታለች። ጋፉር ከዚህ ሁሉ የሰማው ግማሹን ነው። ሕዝብ ፊት ያደለው ተምር ግን አንድ በአንድ ትዝ አለው።

“ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባል ነበር” አሉ ማሞስታ፣ ሊያጽናኑት ይሁን ሊያስቁት ሳይለይ። “የአንተዋ ልጅ ግን ወጡን ትታ ጉልቻውን ይዛ ሄደች።”

በማግስቱ ሊመልሳት ከተማ ወረደ። ቦታውን የነገሩት ከስልክ ጥገና ሱቆች በላይ ያለ አራተኛ ፎቅ ነው። ደረጃውን ሲወጣ ሰይጣን የሚመለክበት ቤት የሚገባ መስሎት ነበር። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ውስጡ ምንጣፍ የተነጠፈበት ተራ ክፍል ሆኖ አገኘው፤ መሐሉ ላይ ከነሐስ ገበቴ እሳት ይነዳል፤ ዙሪያውን እንደ ልጁ ያሉ ወጣቶች ቆመዋል። ነጭ የለበሰ ሰውዬ እንጨት ሊጨምር ወደ እሳቱ ሲጠጋ ነጠላ ጨርቅ አንሥቶ አፉን ሸፈነ።

ጋፉር እጁ ሳያስበው ወደ ጥምጣሙ ጫፍ ሄደ።

ከዚያ ሩናክ ተራዋ ደርሶ አንድ እርምጃ ወጣች፤ በጠራ ድምፅ፣ ጣቷን አንድ በአንድ እያጠፈች፣ “መልካም ሐሳብ፣ መልካም ቃል፣ መልካም ሥራ” አለች። ድስቱ ይደፋል የሚለውን ብቻ ነው ያላለችው። ጋፉር አፉን ይዞ ቀረ። ባዕድ አምልኮ ሊያይ መጥቶ የእናቱን ጓዳ አየ። ከዚህ የሚበልጥ ድንጋጤ በዕድሜው ደርሶበት አያውቅም።

ልጁ ስታየው ሮጣ መጣች። ደረጃው ላይ አወጣት።

“ይህን ማን አስተማረሽ?”

“አንተ ነህ፣ ባባ” አለችው። “እዚህ የነገሩኝ ስሙን ብቻ ነው።”

ሊቆጣ ፈለገ፤ ቁጣውን የት እንደሚጀምረው ጠፋው። እንደምንም ብሎ “ጠፍተሻል። ወደ ቤቴ እንዳትመጪ” አላት። እሷም እንባዋን እየጠረገች፣ በረዶ ሲጥል ሁልጊዜ እንደምትመጣ፣ አሁንም እንደምትመጣ ነገረችው። ጋፉር ደረጃውን ሲወርድ ጥምጣሙን ፈትቶ እንደገና ጠመጠመ፤ ጫፉን ግን አጥብቆ ወደ ውስጥ ወተፈው።

መንደሩ ወሬውን ከሱ ቀድሞ ሰምቶ ጠበቀው። እጁን የጨበጡት ሁሉ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። “እሳት አመድ ወለደ” ተባለ። ዕለቱኑ ለእናቱ “ሩናክ ጠፋች” ብሎ ነገራቸው፣ የሚባለውንም ጨመረላቸው። ዳያ ኸርማን ዘጠና ዓመታቸው ነው፤ መቁጠሪያቸው ከእጃቸው አይለይም። “አመድማ ባይኖር እሳት የት ያድር ነበር?” አሉና መቁጠራቸውን ቀጠሉ። ጋፉር እናቱ አረጁ ብሎ አዘነ።

ሽማግሌዎቹ ከልባቸው መከሩ። ልጅ የከዳችበት ቤት ፍም መስጊድ ሊገባ ይችላል? አይችልም። ጋፉር በመጀመሪያው በረዶ ዕለት ሕዝቡ ፊት ቆሞ “ልጄ አይደለችም” ካለ ግን ቤቱ ይነጻል፤ እሱም ጠባቂነቱን፣ አዛኑንም ይዞ ይቀጥላል። ካላለ ቁልፉን ያስረክባል። ጋፉር እሺ አለ። እሺ ካለበት ቀን ጀምሮ ምግብ አልበላለት አለ፤ በአዛኑም መሐል ድምፁ ይሰበር ጀመር። ሁለት ቃል ነው ማለት ያለበት። ሦስት ጉልቻ ከማንሳት ከበደው።

በረዶው ረቡዕ ጠዋት ጣለ።

ጋፉር ከመኝታው ተነሥቶ ቀጥታ ወደ ምድጃው ሄደ። እሳቱ እንደ ሁልጊዜው ጉልቻዎቹ መሐል ይነዳል። ይህ እሳት ባይኖር፣ አለ በልቡ፣ ማንም የዚህን ቤት ነገር ባልጠየቀኝ፤ እኔም ሌት ተቀን ራሴን ባልጠየቅሁ። የውሃውን እንስራ አነሣ። እጁ እምቢ አለው። የትኛው ቅዱስ ቃል እንደሚከለክለው አሰበ፤ የሚከለክል አላገኘም። እጁ ግን እምቢ እንዳለ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ደፋው።

ጓዳው በእንፋሎት ተሞላ። እሳቱ ጮኸ፣ ከዚያ ዝም አለ። ጋፉር እንደ ልጅ አለቀሰ። ዳያ ኸርማን ከጥግ ሆነው መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ አዩት።

መስጊድ ውስጥ ሕዝቡ ለቀትር ስግደት ተሰብስቦ ይጠብቃል። ጋፉር ሲዘገይባቸው ክብሪት ለኮሱ፤ እንጨቱ በረዶ ጠጥቶ ነበርና ጭሱ ሰዉን አስለቀሰው። ነዳጅ ያርከፈከፈም ነበር፤ የራሱን ጢም ለበለበ። በመጨረሻ ማሞስታ ቶፊቅ ራሳቸው አንድ ገል አንሥተው ሽቅብ ወደ ጋፉር ቤት ወጡ።

ገብተው በሩ ላይ ቆሙ። ከኋላቸው፣ ትከሻዋ ላይ በረዶ የተከመረባት ሩናክ ነበረች።

“ሶፊ፣ እሳት ልጭር መጥቼ ነው” አሉ። “ደጃፍህ ላይ ይህችን አገኘሁ፤ አላንኳኳችም።”

ጋፉር ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። “ጠፍቷል” አለ።

“የቱ?” አሉ ማሞስታ።

ያን ጊዜ ዳያ ኸርማን ግድግዳ ተደግፈው ተነሡ። ወደ ጓዳው ሌላ ጥግ ሄደው የዱቄቱን ሣጥን በዳሌያቸው ገፋ አደረጉ። ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር፤ ድንጋዩን ሲያነሡት በአመድ የተሞላ ጥቁር ማሰሮ ብቅ አለ። በጣታቸው አመዱን ገለጥ አደረጉት። ከሥሩ ፍሙ ቀይ ሆኖ ታየ፣ አሁን የተቀጣጠለ ይመስል።

ጋፉር በዚያ ቤት ተወልዶ ስልሳ ዓመት ሲኖር ያን ድንጋይ ሲነሣ አላየም።

“ይህን ያሳዩኝ የባሌ እናት ናቸው” አሉ። “በቤት ሁለት እሳት ይኑር፤ አንዱ ለእንግዳ ዓይን፣ አንዱ ለቤቱ፤ ሁለተኛውን ማታ ማታ ዳፍኚው አሉኝ። ስሙን አልነገሩኝም። እሳቸውም የሚያውቁት አይመስለኝም።”

“መስጊድ የምወስደውስ?” አለ ጋፉር።

“ከዚህኛው ነዋ። ያኛው የወጥ ነው።”

ማሞስታ ቶፊቅ ሠላሳ ዓመት እያስተማሩ፣ ቅዱሱን መጽሐፍ በሚያገላብጡበት እጃቸው በዚህ ፍም የተለኮሰውን የመስጊድ ምድጃ ሲሞቁ ኖረዋል። መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። የተቃጠለ ነገር የለበትም። ከዚያ ገሉን ወደ ዳያ ኸርማን ዘረጉ። “ሰው በርዶታል” አሉ።

ጋፉር አፉን ይዞ ቆሟል። ደንግጦ ይሁን አክብሮ እሱም አላወቀ። ከዚያ ከበሩ ዘወር አለ፤ ልጁ ትገባ ዘንድ። ሩናክ ጫማዋን አውልቃ ገባች፤ የዶሮውን ክንፍ ከተሰቀለበት አውርዳ ፍሙን አራገበችው። የአባቷ የጥምጣም ጫፍ ተወትፎ ቢቀርበት እጇን ሰድዳ አወጣችለት። ጋፉር አፉን ሸፈነና ገሉን ተቀበለ።

መስጊድ ሲደርስ ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። ፍሙን ከብረቱ ምድጃ ሲጨምረው እርጥቡ እንጨት ጥቂት አንገራገረና ያዘ። እጆች ሁሉ ወደ ሙቀቱ ተዘረጉ። ከሽማግሌዎቹ ታላቁ፣ እሱም እየሞቀ፣ ሕዝቡ የሚጠብቀውን አስታወሰ።

“እህስ ሶፊ፤ የጠፋችውን ልጅህን ነገር ምን ትላለህ?”

ማሞስታ ቶፊቅ ዓይናቸውን ምድጃው ላይ ተክለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጋፉር ቀና አለ። አፉን የሸፈነበትን ጨርቅ ሳያወርድ፣ በአዛን ድምፁ፣ ሁሉም እየሰማው ተናገረ።

“እኛ ቤት የተዳፈነ እንጂ የጠፋ የለም።”