ለእንግዳ የተቀመጡት ቦት ጫማዎች

ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ አታምኑኝም። አትመኑኝ! ለመከራከርም አቅም የለኝም።

ይሄን የምጽፈው ቡታጅራ፣ አንድ ክሊኒክ ኮሪደር ላይ፣ ግራ እግሬን ወንበር ላይ ሰቅዬ ነው። ተሰፍቻለሁ፣ የቲታነስ መርፌም ተወግቻለሁ። ደክሞኛል።

ለማታውቁኝ፣ የከተማው ቆሻሻ ተሰብስቦ የሚለይበት ግቢ ውስጥ የደህንነት ተቆጣጣሪ ነኝ። ሠራተኞቹ «ሴፍቲ» ነው የሚሉኝ። እናቴ ያወጣችልኝን ስም የሚያስታውስ ሰው መኖሩንም እንጃ።

አዎ፣ የተጎዳችው ሴፍቲዋ ናት። ሳቁና ጨርሱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈሩ ሰው ስለ ሽታው አቤት ካለ ቆይቷል። እውነቱን ነው! የጫት ገረባ፣ ኮባና የሆቴል ትራፊ ተደባልቆ ዝናብ ሲመታው እኔም አቤት የምልበት አጥቼ ነው። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ከከተማው ጽዳት ቢሮ ሰዎች ሊያዩን መጡ። ካልወደዱት ግቢው ይዘጋል። ግቢው ተዘጋ ማለት ደግሞ የእትዬ ዘቢባና የጓደኞቻቸው እንጀራ ተዘጋ ማለት ነው።

እትዬ ዘቢባ ፕላስቲክ ሲለዩ ነው የሚውሉት። በነጠላ ጫማ!

«ቦት የላችሁም እንዴ?» ካላችሁኝ፣ አለን። አዲስ! ጓንትም አለ። ስቶር ውስጥ፣ ከነላስቲኩ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው።

ለምን አትሉኝም? እንዳይቆሽሽ።

ቆሻሻ ግቢ ውስጥ! እንዳይቆሽሽ!

ምን ላድርግ፣ እናቴ ጥሩ ጥሩ ብርጭቆዎቿን ቡፌ ውስጥ ቆልፋ፣ እኛን በጣሳ እያጠጣች ነው ያሳደገችን። እንግዳ ሲመጣ ይወጣል፣ አበቃ። እኔም ቦቱን እንደዚያው አደረግሁት። ዛሬ እንግዳ መጣ፣ ቦቱ ወጣ፣ ሠራተኛው ሁሉ አምሮበት ቆመ። እትዬ ዘቢባማ ጭቃ እንዳይነካባቸው እግራቸውን ከፍ ከፍ እያደረጉ ነበር የሚራመዱት።

እኔስ? ለሠርግ የገዛሁትን ክፍት ጫማ አደረግኋ። እንግዳ የምቀበለው እኔ አይደለሁ?

ይሄም አልበቃኝም። መሬቱ እንዳያስጠላ ብዬ ቄጤማ አስጎዘጎዝኩ። ቆሻሻ የሚለይበት ቦታ ላይ፣ እንደ በዓል!

አንድ ጥግ ላይ አሮጌ ጎማ ነበር። እዚያ ያስቀመጥኩት ራሴ ነኝ። መሃሉ የተሰባበረ ጠርሙስ ስላለ ሰው እንዳይረግጠው ነበር። ጠዋት ሳየው ግን ዓይኔን አስጠላው። «ይሄን ጎማ አንሱልኝ፣ ቦታውን ቄጤማ አልብሱት» አልኩ።

«ጠርሙሱስ፣ ልጄ?» አሉ እትዬ ዘቢባ።

«በኋላ!» አልኳቸው።

እንግዶቹ ገቡ። አለቃቸው ብዙ የማይናገሩ ሴትዮ ናቸው። የሳቸውን ድርሻ ጭምር እኔ ተናገርኩላቸው። ፊቴን ወደ እነሱ አዙሬ፣ የኋሊት እየተራመድኩ፣ እጄን ዘርግቼ «እዚህ ግቢ ውስጥ ማንም ሰው የሚረግጠውን ሳያይ አይራመድም» አልኩ።

ከዚያ ረገጥኩ።

እሪታዬ ቀበሌውን ሳያዳርስ አልቀረም! ቄጤማው ላይ ዘጭ አልኩ። እትዬ ዘቢባ «ያ ረቢ! ያ ረቢ!» እያሉ ሮጠው መጡ፤ ወገባቸው ላይ ያሰሩትን ሻርፕ ፈተው እግሬን ጠመጠሙልኝ። «አይዞሽ፣ ንጹህ ነው። ለእንግዳ ብዬ ነው የታጠቅሁት» አሉኝ።

ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው ክፍት ጫማዬን አዩ። ቀጥሎ የእትዬ ዘቢባን ቦት አዩ። የቁጥሩ ወረቀት ገና አልተላጠም።

«ይሄ ቦት ዛሬ ነው የወጣው?»

እትዬ ዘቢባ መዋሸት አይሆንላቸውም። ዞር ብለው እኔን አዩኝ። በቃ፣ ሰው ሁሉ ገባው። አፈርኩ፤ ከእግሬ ይልቅ እሱ ነው ያመመኝ።

«ዛሬ አንዘጋውም» አሉ ሴትዮዋ። «ሳንናገር እንመለሳለን። ያን ቀን አንድ ሰው በነጠላ ጫማ ሲሠራ ካገኘሁ ግን እዘጋዋለሁ።»

ታምኑኛላችሁ? ባጃጅ ውስጥ አስገብተው ሲወስዱኝ ደስ ብሎኝ ነበር። እግሬ ይቁሰል፣ ግቢው ተርፏል፣ ሰውም ከእንግዲህ ቦት ያደርጋል ብዬ ነበር።

አሁን ይሄን እየጻፍኩ እያለሁ እትዬ ዘቢባ ሊጠይቁኝ መጡ፣ ብርቱካን በፌስታል ይዘው። ከሥራ በቀጥታ ነው የመጡት። ዓይኔ ወደ እግራቸው ሄደ።

ነጠላ ጫማ!

«እትዬ ዘቢባ፣ ቦቱስ?»

«እሱን አታስቢ ልጄ! ሁላችንም አጥበን፣ አድርቀን፣ ከነላስቲኩ ስቶር መለስነው። ሴትዮዋ ተመልሰን እንመጣለን ብለው የለ?» ብለው ስወድቅ ግቢው ውስጥ የጣልኩትን ቁልፍ መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ።

ልቆጣ ፈልጌ ነበር። በየትኛው አፌ? ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ፣ እነሱም በደንብ ተምረዋል።

እና አሁን በአንድ እግሬ እየዘለልኩ ባጃጅ ፍለጋ ልወጣ ነው፣ ስቶሩን ልከፍት። እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተስ ቤት እንግዳ እየጠበቀ ያለው ምንድን ነው?

ብርጭቆ ከሆነ ግድ የለም፣ ይቆይ።